ዘመድ ጥየቃ በወፎች ጎዳና፦ ጡረታ የወጡ ጥንዶች በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ምን ያያሉ?

በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ዘመድ አማርኛ ተናጋሪዎች “የመስቀል ወፍ” ይሉታል። አባባሉ የመጣው ክረምቱ አብቅቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከሚታዩት፣ ደማቅ ላባ ካላቸው ትንንሽ ወፎች ነው። ብዙ ሰው እነዚህ ወፎች ከሩቅ መጥተው ለጥቂት ሳምንታት ቆይተው የሚመለሱ ይመስለዋል። በብዙ አካባቢ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ወንዶቹ በዝናቡ ወቅት ሴቶቹን ለመሳብ ደማቅ ላባ ያወጣሉ፤ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ቡናማ ሆነው ከድንቢጥ ጋር ይመሳሰላሉ። ወፉ የትም አልሄደም፤ በዚያ መልኩ የሚለየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ለመለየት ጊዜና ትዕግሥት ያስፈልጋል። በምሥራቅ አፍሪካ ከማንም በላይ ጊዜ ያላቸው ደግሞ ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎች ናቸው። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ የመንግሥት ሠራተኛ በጥቅሉ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። በዚያ ዕድሜ ልጆች አድገው በተለያዩ ከተሞች ኑሮ መሥርተዋል፤ የልጅ ልጆች ተወልደዋል፤ ወንድምና እህትም አርጅተው ጠያቂ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያንኑ መንገድ ይመላለሳሉ። ለበዓል፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ።

ይህ የዘመድ ጥየቃ ጉዞ ከወፍ እይታ ጋር ሲጣመር ከመዝናኛነት ያለፈ ጥቅም አለው። አንድን መንገድ ከዓመት ዓመት እየተመላለሱ ያዩትን የሚጽፉ ሰዎች፣ በቀጠናው ያሉ ወፎች እየበዙ ይሁን እየጠፉ ለማወቅ ሳይንስ በብርቱ የሚፈልገውን መረጃ ያቀርባሉ።

ሰውም ወፍም የሚሄድበት ጎዳና

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከሞያሌ በማርሳቢት፣ በኢሲዮሎና በናንዩኪ አድርጎ ናይሮቢ ለመድረስም ተቀራራቢ ርቀት ይቀራል። መንገዱ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን እንዲዘረጋ የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። በሰሜን ኬንያ ያለው ክፍል ለብዙ ዘመን በአቧራውና በኮረኮንቹ የሚታወቅ ነበር፤ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ግን ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በእጅጉ አጥሯል።

ከዚሁ ምድር በላይ፣ በሰማዩ፣ ሌላ ጎዳና አለ። የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር የፍልሰት መስመር ይባላል። በክንፋቸው ሰፊ በሆኑ፣ አየር ላይ በሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች ብዛት በዓለም ሁለተኛው ዋነኛ መስመር ነው። በየዓመቱ 37 ያህል ዝርያ ያላቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ሽመላዎችና ፔሊካኖች በአውሮፓና በእስያ ካለው መራቢያቸው ወደ አፍሪካ ይወርዱበታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሱበታል።

እነዚህ ወፎች የሚጓዙት ክንፋቸውን በማራገብ አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን ሞቃት አየር ተጠቅመው ይሽከረከራሉ፤ ከፍታ ሲያገኙም ያለ ብዙ ድካም ወደፊት ይንሸራተታሉ። ባሕር እንዲህ ያለ ሞቃት አየር ስለማይሰጥ ሰፊ ውኃ ማቋረጥ አይወዱም። በዚህ ምክንያት በጠባብ መተላለፊያዎች ይሰበሰባሉ። አንደኛው በሰሜን ያለው የስዊዝ አካባቢ ሲሆን ሌላው በየመንና በጅቡቲ መካከል የሚገኘው ባብ ኤል ማንደብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል የተሰማሩ ቆጣሪዎች በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ መዝግበዋል።

ከጅቡቲ በኋላ ብዙዎቹ በአፋር በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይዘልቃሉ። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያለው ወፍ ከባልካን አገሮች፣ ከቱርክና ከካውካሰስ ተነስቶ በአፋር ምድር ይከርማል። በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በመከር ወራት ከራሳቸው በላይ የሚያዩት የሽመላ መንጋ አንዱ ክፍል ከሳምንታት በኋላ በስምጥ ሸለቆ የእርሻ ማሳዎች ላይ አንበጣ ሲለቅም ሊታይ ይችላል። መንገደኞቹ ወፎች በብዛት የሚገኙት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ገና፣ ጥምቀትና በአንዳንድ ዓመታት ፋሲካ በዚሁ ጊዜ ወይም በዚያው አቅራቢያ ይውላሉ። የሰውና የወፍ ጉዞ በወቅትም ይገናኛል።

ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያውን ማረፊያ ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ይበቃዋል። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ብዙ ጎብኚ አላቸው። ለወፍ ተመልካች ግን ይበልጥ የሚማርከው ጨለለቃ ነው። ጨለለቃ እንደ ዝናቡ መጠን የሚሞላና የሚጎድል ረግረጋማ ውኃ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የውኃ ዳር ወፎች ይሰፍሩበታል።

ከሞጆ በኋላ ተጓዡ ምርጫ ይገጥመዋል። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ቶሎ ያደርሳል፤ ነገር ግን በፍጥነት መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ወፍ ማየት አደገኛም የተከለከለም ነው። በየከተማው የሚያልፈው ነባሩ መንገድ ያዘገያል፤ ቆቃን፣ መቂንና ባቱን ግን በቅርብ ያሳያል። በባቱ ከተማ ጫፍ ያለው የደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ወደብ ዓሣ አጥማጆች የዕለት ሥራቸውን የሚያጠናቅቁበት ቦታ ነው። የዓሣ ትርፍራፊ የለመዱት ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች ከሰው ጥቂት እርምጃ ርቀው ይቆማሉ። ለጀማሪና ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህን ያህል ቀላል ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ ወፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አይሸሹም፤ የሩቅ መነጽርም አያስፈልግም።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በከተማዋ የሚሠራ ወይም የሚማር ልጅ አለው፤ ስለዚህ በተፈጥሮ የማደሪያ ከተማ ናት። የከተማዋ የዓሣ ገበያ የሚገኝበት ሥፍራ አሞራ ገደል ይባላል፤ ስሙ ራሱ የወፍ ታሪክ ይዟል። በሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ። የዓሣ በል ንስር ጩኸት በማለዳ ይሰማል። ጥቁር ክንፍ ያለው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን በጥንድ እየሆነ ያልፋል። ይህ በቀቀን በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው።

ለልጅ ልጆች ወፍ ማሳየት የሚፈልግ አያት ከሐዋሳ የተሻለ መማሪያ ክፍል አያገኝም። በእግር ጉዞ ግማሽ ቀን ውስጥ አንድ ልጅ በመጠን፣ በምንቃር ቅርጽና በአመጋገብ የሚለያዩ ብዙ ወፎችን ማነጻጸር ይችላል። የፔሊካን ምንቃር ለምን ከረጢት እንዳለው፣ የአባ ኮዳ ራስ ለምን ላባ እንደሌለው መጠየቅም ይጀምራል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ጥንብ የሚበላ ወፍ ራሱ ላይ ላባ ቢኖረው ደምና ቆሻሻ ይጣበቅበት ነበር።

አንዱ ሐይቅ ሲጎድል፣ ሌላው ሲሞላ

በባቱና በሻሸመኔ መካከል ከመንገዱ በስተ ምዕራብ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን አሉ፤ አብያታና ሻላ። ሁለቱም በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛሉ። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። አብያታ ጥልቀት የሌለውና በአንድ ወቅት በዓሣ የተሞላ ነበር። ፔሊካኖች ከአውሬ ለመሸሸግ በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩና ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ማድ ቤቱ ፈረሰ። የአብያታ ስፋት ከ1970ዎቹ (እአአ) ወዲህ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ወደ ሐይቁ ውኃ የሚያመጣው ቡልቡላ ወንዝ የሚነሳው ከዝዋይ ሐይቅ ነው፤ ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ በጨመረ ቁጥር አብያታ የሚደርሰው ይቀንሳል። ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከሐይቁ የሚሳበው ውኃም ተጨምሮበታል። ውኃው ሲቀንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣ የሚበሉ ወፎችም ወደ ሌላ ሐይቅ ለመሄድ ተገደዱ። በአንጻሩ ጨው የሚስማማቸው ፍላሚንጎዎች አሁንም በዳርቻው ይታያሉ። ዛሬ ከመንገድ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚነዳ ሰው ቀድሞ ውኃ በነበረበት ነጭ ሜዳ ላይ ረጅም ርቀት መጓዝ ይኖርበታል።

ከዚህ በስተ ደቡብ፣ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ የተገላቢጦሽ ነገር ይታያል። በኬንያ የናኩሩ ሐይቅ ከ2010 (እአአ) ወዲህ እየሞላ መጥቶ የፓርኩን መንገዶችና የዳር ዛፎች ውጧል። ናኩሩ በሮዝ ፍላሚንጎዎቹ በዓለም የታወቀ ነበር። ንጹሕ ውኃ ሲበዛ ጨዋማነቱ ቀነሰ፤ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው በዓይን የማይታይ ሳያኖባክቴሪያም ተመናመነ። መንጋው ወደ ቦጎሪያና ወደ ሌሎች ሐይቆች ተበተነ። ፍላሚንጎዎቹ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሐይቆች መካከል እንደ ውኃው ሁኔታ ይመላለሳሉ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዋነኛው መራቢያቸው ደግሞ የታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ ነው። ስለዚህ በአንዱ ሐይቅ ፍላሚንጎ ጠፋ ማለት ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል። የት እንደሄደ ለማወቅ በየአገሩ፣ በየሐይቁ፣ በተመሳሳይ ወቅት የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ሌላ ቦታ የማይገኙት የያቤሎ ወፎች

ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ በቡናና በእንሰት አገር አልፎ ወደ ቦረና ቆላ ይወርዳል። በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ ዙሪያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛው በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ወፍ ነው፤ ሳይንቲስቶች በ1938 (እአአ) መዝግበው የስትሬሰማን ቁራ ብለውታል። ሁለተኛው በጭራው ላይ ነጭ የሚያሳይ፣ በራሪ ነፍሳትን እያሳደደ የሚመገብ ትንሽ ወፍ ሲሆን የተመዘገበው በ1942 (እአአ) ነው።

ቁራው ከዚያች ጠባብ ምድር ለምን እንደማይወጣ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ከመኖሪያው ውጭም ተመሳሳይ ግራር፣ ተመሳሳይ አፈር፣ ተመሳሳይ ከብት አርቢ አለ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መልሱን በሙቀት ውስጥ አገኙት። ወፉ የሚኖርበት ቦታ ከዙሪያው ቆላ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከዚያ መስመር ሲያልፍ ሙቀቱን ተቋቁሞ ምግብ መፈለግ ያቅተዋል። የዓለም ሙቀት በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2070 (እአአ) ድረስ ከሚስማማው ምድር እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ሊያጣ እንደሚችል ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የዛሬ አያቶች በቀላሉ ከመንገድ ዳር የሚያዩትን ወፍ የልጅ ልጆቻቸው በጡረታ ዘመናቸው ላያገኙት ይችላሉ።

ወደ ሞያሌ ሲቃረብ፣ ከዚያም በሰሜን ኬንያ፣ አንገቱና እግሩ ሰማያዊ የሆነው የሶማሌ ሰጎን ይታያል። በኢሲዮሎ አቅራቢያ ያሉት የሳምቡሩና የባፋሎ ስፕሪንግስ ጥብቅ ቦታዎች ደረቱ ደማቅ ሰማያዊ በሆነው ረጅም አንገት ጅግራ ይታወቃሉ። ናንዩኪ ላይ መንገዱ የምድር ወገብን ያቋርጣል። ከናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል የሚርቀው ናይቫሻ ሐይቅ ብቻውን ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቦበታል። ኬንያ በአጠቃላይ ከ1,000 በላይ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ850 በላይ ዝርያዎች አሏቸው።

ከመኪና መስኮት የተገኘ ማስረጃ

ከመኪና ውስጥ ወፍ መቁጠር የሰነፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስለ አፍሪካ አዳኝ ወፎች ዛሬ ከሚታወቁት ጠቃሚ ነገሮች አንዱ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1970ዎቹ (እአአ) ተመራማሪዎች በኬንያ መንገዶች ላይ እየነዱ በየኪሎ ሜትሩ ያዩትን ንስር፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ጻፉ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሌሎች በተመሳሳይ ዘዴ ቆጠሩ። ሁለቱ ቆጠራዎች ተነጻጽረው በ2022 (እአአ) በወጣው ጥናት፣ ከታዩት 22 ዝርያዎች መካከል 19ኙ መቀነሳቸው ታወቀ። በ2024 (እአአ) የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከምዕራብ፣ ከመካከለኛው፣ ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የተሰበሰቡ የመንገድ ቆጠራዎችን መርምሮ፣ ከ42 አዳኝ የወፍ ዝርያዎች 88 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት ከ20 እስከ 40 ባሉት ዓመታት መመናመናቸውን አሳይቷል።

ምክንያቶቹ ይታወቃሉ። ግጦሽ ወደ እርሻ ተቀይሯል፤ ጎጆ የሚሠሩባቸው ትልልቅ ዛፎች ተቆርጠዋል። ከብት የበላ ጅብ ወይም አንበሳ ለመግደል በሬሳ ላይ የሚረጭ መርዝ በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎችን ይገድላል። የኤሌክትሪክ መስመርም ሌላው ገዳይ ነው። በሱዳን በፖርት ሱዳን አቅራቢያ በ1950ዎቹ (እአአ) የተዘረጋ አንድ መስመር ለአሥርት ዓመታት ስፍር ቁጥር የሌላቸውን የግብፅ ጥንብ አንሳዎች ሲገድል ቆይቶ በ2014 (እአአ) ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። በኢትዮጵያና በኬንያ ኤሌክትሪክ ወደ ገጠር ሲዘረጋ የምሰሶዎቹ አሠራር ለወፍ የማይመች ከሆነ ያው አደጋ ይደገማል።

የጥንብ አንሳ መጥፋት ለሰውም ጉዳት አለው። ሬሳን በሰዓታት ውስጥ የሚያጸዳው ወፍ ሲጠፋ ቦታውን ውሾችና አይጦች ይይዙታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም ይጨምራል።

መንገዱ ራሱም ምስክር ሆኖ ያውቃል። በ1990 (እአአ) በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የተሰማሩ ተመራማሪዎች በመኪና መንገድ ላይ የሞተ የሌሊት ወፈ በራሪ አገኙ። አብዛኛው አካሉ ተበላሽቶ ስለነበር ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ። ክንፉ ከሚታወቅ ከማንኛውም ዝርያ ጋር አልገጠመም። በ1995 (እአአ) ወፉ በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ያ ቡድን ሳያይ ቢያልፍ ኖሮ ዓለም ስሙን አያውቀውም ነበር።

ለምን ጡረታ የወጡ ጥንዶች?

ባለሙያ ተመራማሪ በጀት ሲያገኝ ይመጣል፤ በጀቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ልጁን ለመጠየቅ የሚሄድ አባት ግን በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል። ለወፍ ቆጠራ ትልቁ ዋጋ ያለው ይህ መደጋገም ነው። በአንድ ቀን አምሳ ፔሊካን ማየት ብዙ አይናገርም። በአንድ ወደብ በየጥሩ አሥር ጊዜ ቆጥሮ ከአምሳ ወደ አሥር መውረዱን ማሳየት ግን ማስረጃ ነው።

ሁለት መሆንም ይጠቅማል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ይመለከታል፤ የሚነዳው ሰው ዓይኑ ከመንገዱ መነሳት የለበትም። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያጣው ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታን ነው፤ የትንንሽ ወፎች ዜማ በዚህ ምክንያት ይጠፋበታል። የአንዱ ጆሮ የከዳውን የሌላው ጆሮ ሊይዘው ይችላል። አንዱ ስም ሲጠራ ሌላው ይጽፋል፤ ሲጠራጠሩም ይከራከራሉ። ያ ክርክር ስሕተትን ይቀንሳል።

ለራሳቸውም ጥቅም አለው። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2022 (እአአ) ያወጡት ጥናት፣ ወፍ ማየትና መስማት ከተሻለ የአእምሮ ደኅንነት ስሜት ጋር እንደሚያያዝና ውጤቱም እስከ ስምንት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል አመልክቷል። ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ቀኑ ለረዘመባቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቀጠናው ምሳሌ የሚሆን ልማድም አለ። በናይሮቢ ፍለር ንግዌኖ የተባሉት የተፈጥሮ አጥኚ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ (እአአ) ጀምሮ በየረቡዕ ጠዋት ሲመሩት የቆዩት የወፍ እይታ ጉዞ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ብዙ ኬንያውያን ተመልካቾችን አፍርቷል። በኢትዮጵያም በ1966 (እአአ) የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በወፍ ቆጠራና ጥበቃ ላይ ይሠራል።

ምን ያስፈልጋል? እንዴትስ ይመዘገባል?

ለመጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መሣሪያው የሩቅ መነጽር (ባይናኩላር)፣ የወፍ መለያ መጽሐፍ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። መነጽር ሲገዛ “8×42” የሚል ጽሑፍ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ከዚህ በላይ የሚያጎላ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ይህ ያስቸግራል።

ስማርት ስልክ ያለው ሰው ሁለት ነጻ መተግበሪያዎችን መጠቀም ይችላል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም ያዘጋጀው “መርሊን” ወፍን በፎቶ ለመለየት ያግዛል። በ2002 (እአአ) የተጀመረው “ኢበርድ” ደግሞ የታየውን ወፍ ከቦታና ከሰዓት ጋር መዝግቦ ተመራማሪዎች ወደሚጠቀሙበት ማኅደር ያስገባል። በኬንያ ያለው የወፍ ካርታ ፕሮጀክት አገሪቱን ዘጠኝ በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ተሳታፊው በአንዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲያሳልፍ ይጠይቃል።

መረጃው የሚጠቅመው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ቀኑ፣ ትክክለኛው ቦታ፣ ለመመልከት የፈጀው ጊዜና የታየው ብዛት። ብርቅዬውን ብቻ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ተራ የሚመስለው ቁራ፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳም መመዝገብ አለበት። ዛሬ እጅግ ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው የተመደቡት ባለነጭ ጀርባውና ባለኮፍያው ጥንብ አንሳ በአንድ ወቅት ማንም የማይቆጥራቸው ተራ ወፎች ነበሩ። ምንም ያልታየበት ቀንም ይጻፋል፤ “የለም” የሚለውም መረጃ ነው።

በመንገድ ላይ ጥንቃቄ

የዚህ ጉዞ ትልቁ ጥያቄ የፀጥታ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ በተለያዩ አካባቢዎች በቀጠሉ ግጭቶችና በመንገድ ላይ በሚፈጸሙ እገታዎች ምክንያት አንዳንድ መንገዶች በአንዳንድ ጊዜ ለጉዞ አይመከሩም። ዘመድ ጠያቂ ከጎብኚ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ በየከተማው የሚደውልለት ሰው አለ። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ከሚኖር ዘመድ መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መጓዝ፣ የሚደረስበትን ሰዓት ለቤተሰብ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የመንገዱ ሁኔታ ካጠራጠረ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል።

የሩቅ መነጽርም ጥርጣሬ ሊጋብዝ ይችላል። በወታደራዊ ካምፕ፣ በግድብ፣ በድልድይና በድንበር ኬላ አካባቢ ማውጣት አይገባም። በመንደር አቅራቢያ ሲቆሙ ሰላምታ ሰጥቶ ዓላማን ማስረዳት ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ እረኞች ወፉ የት እንደሚያድር ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ድንበሩን ለሚሻገሩ ጥንዶች ነገሩ ከቀድሞው ቀሏል። በሞያሌ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ በ2020 (እአአ) በይፋ ተመርቋል። በኮሜሳ አባል አገሮች የሚያገለግለው “ቢጫ ካርድ” የተባለው የመኪና መድን በሁለቱም አገሮች ይሠራል። ነገር ግን አንድ ነገር አይዘነጋም፤ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በቀኝ ነው፤ በኬንያ በግራ። በሞያሌ ከቀኝ ወደ ግራ የተሻገረ አሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወፍ ማየቱን ሙሉ በሙሉ ለጎኑ ተቀማጭ ቢተወው ይበጃል።

ሩቅ መሄድ የማይችሉ ሰዎችም ከዚህ አይገለሉም። ወደ ልጅ ቤት በሚወስደው አጭር መንገድ ላይ አንድ ኩሬ ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ መርጦ፣ በተጓዙ ቁጥር እዚያው አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ ያዩትን መጻፍ በቂ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደብተሩ ስለዚያ ቦታ ከማንኛውም ቤተ መጻሕፍት የበለጠ ሊናገር ይችላል። ደብተሩን የሚወርስ ልጅ ወይም የልጅ ልጅም በዚያው ቦታ ቆሞ መቁጠሩን ሊቀጥል ይችላል።